በረዶ ለሲሬን

ባሌ ይርሳው ይባላል፤ የረሳው ነገር ግን የለ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጀልባ ሞተር ሲያስል እያዳመጠ የዋለ፤
ጡረታ በወጣ ማግስት፣ እጁ ሥራ ፈትቶ፣
ሽምብጥ፣ ከግቢያችን ጥግ፣ ጉድጓድ ሲምስ አገኘሁት፣ ካኪው ጭቃ ጠጥቶ።

«ምንድን ነው?» ብለው፣ «ሲሬን» አለኝ ቀስ ብሎ፣
ቃሏን እንደ ከረሜላ ከጉንጩ አንከባሎ።
የጓደኛው ልጅ ነው ከኦዴሳ ያመጣው፣
በእርጥብ ካልሲ ጠቅልሎ፣ ከሻንጣ ሥር ያወጣው።
እሱ በተማረበት አገር፣ በረዶው ሲሟሟ፣
በየአጥሩ ይፈነዳል አሉ፣ ወይን ጠጅ ዘለላ፣ ሽታው ከነፋስ ሲስማማ።

አንድ ዓመት ቅጠል። ሁለት ዓመት ቅጠል።
በሦስተኛው አጥሩን ዘለለ፣ እንደ ጎረምሳ ሊኮበልል።
ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ልቡ ግን እዚህ አይደለም፣
አበባህስ ብትለው፣ አልሰማም፣ አይመልስም፣ የለም።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ፣ ከተክል ጋር ያደግሁ፣
ሥር ሲለግም ምን እንደሚሻ ከእናቴ የለመድሁ፤
የላም አዛባ አለበስሁት፣ የልብስ እጣቢ አጠጣሁት፣
«ብላ፣ ጠጣ፣ አብብ» እያልሁ እንደ አራስ ተንከባከብሁት።
በላ፣ ጠጣ፣ ወፈረ፣
ቅጠል በቅጠል ላይ ጨመረ።

«አጠገብሽው እኮ!» አለኝ። «የጠገበ መቼ ያብባል?
ሲሬን መራብ፣ መጠማት፣ ከሁሉም መብረድ ይፈልጋል።»
ከዳቦ ቤቱ ምድጃ አመድ ለምኖ ነሰነሰ፣
ቅርንጫፍ እንዳልቆርጥበት መቀሱን ከሣጥን መለሰ።

ብርድ! በባሕር ዳር! ሳቅሁበት፣
አንሶላ እንኳ በመጋቢት ከጀርባ በሚጣበቅበት፣
ታኅሣሥ ራሱ ነጠላ ደርቦ ብቻ በሚያልፍበት!
እሱ ግን አልሳቀም። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ባልዲ አንጠልጥሎ፣
ወደ ሐይቁ ወረደ፣ ሙጨ አሳ መሸጫ፣ «የተረፈህ በረዶ» ብሎ።

አምባዛና ቆሮሶ ሲያቀዘቅዝ የዋለ፣
ቅርፊት እዚህም እዚያም እንደ ሳንቲም ጣል ጣል ያለ፣
ያንን ከሥሩ ከመረው፣ ማታ ማታ፣ ሁለት ወር ሙሉ፤
የሽምብጥ ድመቶች ሠርግ መስሏቸው ከአጥራችን ሥር ተኰለኰሉ።
ጎረቤታችን ጥሩዓለም በአጥር ብቅ ብላ፣
«አበባ ነው ወይስ አምባዛ የተከላችሁት?» አለች፣ በሳቅ ተጠቅልላ።
የቀለጠው ውሃ ቁልቁል ወደ እሷ ግቢ ወረደ፤
ዱባዋ ያን ዓመት የሕፃን ራስ አከለ፣ አጥር ጣሰ፣ ተዋለደ።

ሲሬኑ ግን ቅጠሉን አረገፈ፣ እርቃኑን ቆመ፣
«ገደልኸው» አልሁት። «ተኛ እንጂ» አለ፣ «አልታመመ።»

እኔ ደግሞ ሌሊት፣ ከሐይቁ የጉማሬ ማናፋት ሲሰማ፣
አስባለሁ፦ ማን ነበረች በዚያ ከተማ፣
አበባውን ከጆሮዋ በላይ ሰክታ የሳቀችለት?
አልጠየቅሁም። ሰውን ስሙን ይርሳው ካሉት፣
የሚረሳውን እሱ ይምረጥ፤
እኔ አጠገቡ ተኝቼ፣ የበረዶውን ጠብታ ላዳምጥ።

መጋቢት መጣ። ጃካራንዳው መንገዱን ወይን ጠጅ አለበሰ፣
ማንም ሳይለምነው፣ በረዶ ሳይቀርብለት፣ ከአስፋልት እስከ ባጃጅ ጣራ ፈሰሰ።
«ይኸውልህ ቀለሙ፣ በነፃ!» አልሁት። ዝም አለኝ።
አንድ ጠዋት ግን፣ ገና ሳይነጋ፣ በእርጥብ እጁ ቀሰቀሰኝ።

ከአሮጌው ቅርንጫፍ ጫፍ፣ «ደርቋል፣ እንቁረጠው» ካልሁት፣
አንዲት ዘለላ፣ አውራ ጣት የምታህል፣ በዓይኔ በብረቱ አየኋት።
ዘጠኝ አበባ ቆጠርን፤ ሁሉም ባለ አራት ክንፍ ነበር፤
«ባለ አምስቱን ያገኘ ዕድሉ ይቃናል ይሉ ነበር፣»
አለኝ፣ መነጽሩን እየጠረገ። «እዚያ። ያኔ። በዚያ አገር።»

ጎንበስ ብሎ አሸተታት፣ ብዙ ቆየ፣ ቀና አለ፣
«እንዲህ አልነበረም ሽታዋ… ትንሽ አሳ አሳ ትላለች» አለ።

ዘንድሮም ኅዳር ጠባ። ባልዲውን ከጓሮ ሲያነሣ፣
«ይርሳው!» አልሁት ከደጅ፣ «በዚያው አንድ ኪሎ አሳ!»